የጥርስ ሕመም፣ ፍርሃትና ሂፕኖሲስ

ሰው ላይ ከሚደርሱ ሕመሞች ሁሉ የጥርስ ሕመምን ያህል ፋታ የሚነሳ ጥቂት ነው። ራስ ሲያም ሻሽ ጠምጥመው ጋደም ይላሉ፤ ሆድ ሲያም ጤና አዳም ቀምሰው ይጠብቃሉ። ጥርስ ግን ጆሮን ከአንገት ጋር አስተሳስሮ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሲነሳ ያነጋል። ይሁን እንጂ ሲነጋ ብዙዎቻችን የምናቀናው ወደ ጥርስ ሐኪም አይደለም። አንዱ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ሌላው የእምቧይ ጢስ ይታጠናል፣ ሦስተኛው ማስታገሻ ክኒን ውጦ ትንሽ ጋብ ሲልለት «ተሻለኝ» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ለምን አልሄድክም ሲባል የገንዘቡንና የጊዜውን ነገር ያነሳል፤ ይህም እውነት ነው። ጠጋ ብለው ሲጠይቁት ግን ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሌላ ምክንያት ይገኛል። መርፌውን፣ ጉጠቱንና የመሰርሰሪያውን ድምፅ ይፈራል።

ይህ ፍርሃት እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በጊዜው ተሞልቶ ሊድን የሚችል ጥርስ በመዘግየቱ ይነቀላል። ከዚያም ሲከፋ በሥሩ የቋጠረው መግል ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ተሰራጭቶ መተንፈሻን እስከ መዝጋትና ሕይወትን እስከ መቅጠፍ ሊደርስ ይችላል። ሰውዬው የሸሸው የአሥር ደቂቃ ሕመም ነበር፤ ያገኘው ግን የሳምንታት ስቃይ ሆነ ማለት ነው።

ለዚህም ነው የሕክምናው ዓለም የጥርስ ሕመምን ከማደንዘዣው ጎን ለጎን የሚያቀል ሌላ መንገድ ሲፈልግ የኖረው። ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ሂፕኖሲስ ነው። ስለ እርሱ የሚወራው ብዙ ነው፤ አንዱ ተአምር ያደርገዋል፣ ሌላው ማጭበርበር ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከድግምት ይመድበዋል። በዚህ ጽሑፍ ሂፕኖሲስ ምን እንደሆነ፣ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ምን እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚቆም እንመለከታለን።

ሕመም የሚሰማን የት ነው?

ጥርስ ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ በውስጡ ለስላሳ ሥጋ፣ የደም ሥርና ነርቭ አለው። ብስባሹ ጠንካራውን ሽፋን ቦርቡሮ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነርቩ መልእክት ይልካል። መልእክቱም ፊታችንን በሚያገለግለው ትልቅ ነርቭ በኩል አልፎ አንጎል ይደርሳል። ይህ ነርቭ የላይኛውንም የታችኛውንም መንጋጋ ስለሚያገለግል አንጎል ምንጩን አንዳንድ ጊዜ ይስታል። የታችኛው ጥርስ ታሞ ጆሮ የሚጠዘጥዘን፣ አንዱ ጥርስ ተበልቶ ጎረቤቱን የምንወነጅለው ስለዚህ ነው። ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት በአንዳሉስ ምድር በቁርጡባ አካባቢ የኖረው ታላቁ ቀዶ ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። «አት-ተስሪፍ» በተባለው ባለ 30 ክፍል መጽሐፉ ውስጥ ሕመም በሽተኛውን ሊያታልለውና ጤነኛው ጥርስ ሊነቀል እንደሚችል ገልጾ፣ ሐኪም ለመንቀል እንዳይቸኩል መክሯል።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። ነርቭ የሚያደርሰው መልእክት ነው፤ መልእክቱን ተቀብሎ «ይህ ሕመም ነው፣ ይህን ያህልም የከፋ ነው» ብሎ የሚፈርደው ግን አንጎል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባቀረቡት ሐሳብ፣ በአከርካሪያችን ውስጥ ለሕመም መልእክት የሚከፈትና የሚዘጋ በር የመሰለ አሠራር አለ። ከአንጎል ወደ ታች የሚላከው ትእዛዝም ይህን በር ገርበብ ሊያደርገው ይችላል። የሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ አንጎል የሕመምን መልእክት ሊያጎላውም ሊያደበዝዘውም መቻሉ ግን ዛሬ የታወቀ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በጣሊያን ግንባር አንድ አስገራሚ ነገር አስተውሎ ነበር። ከባድ ቁስል ከደረሰባቸው ወታደሮች መካከል ማስታገሻ የፈለጉት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቢቸር ምክንያቱን ሲያብራራ፣ ለወታደሩ ያ ቁስል ከእሳቱ ወጥቶ በሕይወት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ፈቃድ ነው ብሏል። ቁስሉ ያው ቁስል ነው፤ የተሰጠው ትርጉም ግን ሕመሙን ለወጠው።

በእኛም የታሪክ መጻሕፍት ዘንድ የዑርወት ኢብኑ ዙበይር ነገር የታወቀ ነው። የአስማእ ቢንት አቢ በክር ልጅ የሆኑት እኚህ የመዲና ታላቅ ዓሊም እግራቸው በቁስል ተበልቶ መቆረጥ ግድ በሆነ ጊዜ፣ አእምሮን የሚያጠፋ መጠጥ ቢቀርብላቸው እምቢ ብለው፣ ልባቸው በዚክር ተይዞ ሳለ እንደተቆረጠ ይተረካል። ይህ ሂፕኖሲስ ነው ማለታችን አይደለም፤ የእርሳቸው ኢማን የእርሳቸው ነው። ማደንዘዣ የሚወስድም ሰው ኢማኑ ደከመ አይባልም። ነገር ግን ልብ በአንድ ነገር ላይ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ሥጋ የሚሰማው ሕመም ሊቀንስ እንደሚችል የቀደሙት ሰዎችም ያውቁት እንደነበር እንረዳበታለን።

እንቅልፍም ማግኔትም አይደለም

ሂፕኖሲስ የሚለው ቃል የመጣው እንቅልፍ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። በዐረብኛ «አት-ተንዊም አል-መግናጢሲይ» ይባላል፤ «በማግኔት ማስተኛት» እንደ ማለት ነው። ስሙ ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ በነገሩ ውስጥ እንቅልፍም የለም፣ ማግኔትም የለም።

የማግኔቱ ስም የቀረው ከፍራንዝ አንቶን ሜስመር ዘመን ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን በቪየና፣ ኋላም በፓሪስ ይሠራ የነበረው ይህ ሐኪም በሰው ገላ ውስጥ የማይታይ የማግኔት ፈሳሽ እንዳለና እርሱም ያንን እያስተካከለ እንደሚፈውስ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ጉዳዩን የሚመረምር ጉባኤ አቋቋመ። ከአባላቱ መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቮዚየ ይገኙበታል። ጉባኤው የተባለው ፈሳሽ እንደሌለና በበሽተኞቹ ላይ የሚታየው ለውጥ ከራሳቸው ምናብ የሚመነጭ እንደሆነ ደመደመ። ሜስመር በዚህ ተዋረደ። የሰው ምናብ በገላው ላይ ይህን ያህል ኃይል ካለው ራሱ መጠናት እንደሚገባው ግን በዚያን ጊዜ ልብ ያለ ጥቂት ነበር።

ነገሩን ከማግኔት ወሬ አላቅቆ «ሂፕኖቲዝም» የሚለውን ስም ያስለመደው ጄምስ ብሬድ ነው። ይህ በማንቸስተር የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምስጢሩ ትኩረትን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ነው ሲል ጻፈ። በ1845 ደግሞ ጄምስ ኤስዴል የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ በሕንድ፣ በቤንጋል ምድር፣ ያለ ምንም ማደንዘዣ መድኃኒት በዚህ ዘዴ ብቻ እየታገዘ ከባድ ቀዶ ሕክምናዎችን ማካሄድ ጀመረ። ሥራው ስለታወቀለትም በካልካታ ለሙከራ አነስተኛ ሆስፒታል ተሰጠው።

ታዲያ ዘዴው ለምን አልተስፋፋም? የቀደመው ኤተር ነው። አስገራሚው ነገር ማደንዘዣን ለዓለም ያስተዋወቁት ሰዎች የጥርስ ሐኪሞች መሆናቸው ነው። ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በታኅሣሥ 1844 እ.ኤ.አ. የሚያስቅ ጋዝ እየተባለ የሚጠራውን ናይትረስ ኦክሳይድ ስቦ የራሱን ጥርስ አስነቀለ። ዊሊያም ሞርተን የተባለው ሌላው የጥርስ ሐኪም ደግሞ በጥቅምት 1846 በቦስተን ሆስፒታል የኤተርን ማደንዘዣነት በሕዝብ ፊት አሳየ። ኤተር ሁሉንም ሰው፣ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ ያስተኛል፤ ሂፕኖሲስ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ሁሉንም ሰው እኩል አይዝም። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1943 በስዊድን ሊዶካይን ተሠራ። ዛሬ የጥርስ ሐኪሞች ድድ ላይ ከሚወጓቸው ማደንዘዣዎች ዋነኛው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ነርቩ መልእክት እንዳያስተላልፍ ለሰዓታት ያግደዋል።

ወንበሩ ላይ ምን ይደረጋል?

ሂፕኖሲስን የተማረ የጥርስ ሐኪም ሥራውን የሚጀምረው በጨዋታ ነው። በሽተኛውን ከዚህ በፊት ምን እንዳጋጠመው፣ አብዝቶ የሚፈራው መርፌውን ይሁን ድምፁን ወይስ ትን ማለቱን ይጠይቀዋል። የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ያስረዳዋል። ቀጥሎም አንድ ምልክት ይስማማሉ፤ በሽተኛው ግራ እጁን ባነሳ ጊዜ ሐኪሙ ወዲያው ያቆማል። ይህች ትንሽ ስምምነት ብቻዋን ብዙ ፍርሃት ታባርራለች፤ ሰው ማስቆም እንደሚችል ካወቀ የመታገሥ አቅሙ ይጨምራልና።

ከዚያም በሽተኛው ዓይኑን በአንድ ነጥብ ላይ እንዲያሳርፍ፣ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ስቦ ቀስ ብሎ እንዲያወጣ ይነገረዋል። ሐኪሙ ዝግ ባለ፣ በማይለዋወጥ ድምፅ ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ግንባር ድረስ ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ እንዲያላላ ይመራዋል። ዓይኖቹ ሲከደኑም ወደሚወደው ስፍራ በሐሳቡ ይወስደዋል፤ የትውልድ መንደሩ ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። በዚህን ጊዜ ሰውዬው አልተኛም። የሚነገረውን ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ካልፈለገም ተነስቶ መሄድ ይችላል። ማራኪ ታሪክ ስታነቡ የሚጠራችሁን ሰው ድምፅ ሳትሰሙ የቀራችሁበትን ሰዓት አስታውሱ፤ ሁኔታው ከዚያ ጋር ይቀራረባል።

አሁን ጥቆማው ይመጣል። ከተለመዱት መንገዶች አንዱ የእጅ ማደንዘዝ ነው። ሐኪሙ በሽተኛው እጁን በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዳስገባ አድርጎ እንዲያስብ ይነግረዋል። ቅዝቃዜው ከጣቶቹ ወደ መዳፉ ይወጣል፣ እጁ ጓንት እንዳጠለቀ ይደነዝዛል። ከዚያ የደነዘዘውን እጅ ጉንጩ ላይ እንዲያሳርፍና ድንዛዜው ወደ ድዱ እንዲተላለፍ ይጠቁመዋል። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ቁጥር እየቆጠረ፣ አእምሮው ንቁና የተረጋጋ እንዲሆን እየነገረው ይመልሰዋል። ዘዴው መርፌ ለሚፈራ፣ አፉ ውስጥ ዕቃ ሲገባ ለሚያስመልሰውና ለሕፃናት በተለይ ይጠቅማል። ምናባቸው ሕያው በመሆኑ ሕፃናት ከትልልቆች ይበልጥ በቀላሉ ይቀበሉታል።

ጥናቶች ምን አሉ?

የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1955፣ የአሜሪካው ደግሞ በ1958 ሂፕኖሲስ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሲሆን በሕክምና ውስጥ ቦታ እንዳለው ተቀብለዋል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «በእርግጥ ሕመሙ ይቀንሳል ወይስ ሰውዬው ለሐኪሙ ደስ እንዲለው ይናገራል?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በካናዳ፣ በሞንትሪያል ፒየር ሬንቪልና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ፈቃደኞች እጃቸውን ሕመም በሚፈጥር ሙቅ ውኃ ውስጥ እንዲያስገቡ ተደረገ። በሂፕኖሲስ ውስጥ ሆነው የሕመሙ አስከፊነት እንደቀነሰ ወይም እንደጨመረ ሲነገራቸው፣ አንጎላቸውን በሚያነሳው መሣሪያ ላይ የሕመምን አስከፊነት የሚመለከተው ክፍል ሥራ ከጥቆማው ጋር አብሮ ሲቀንስና ሲጨምር ታየ። የውኃው ሙቀት ግን አልተለወጠም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 85 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያገናዘበ ጥናት ደግሞ፣ ለሂፕኖሲስ በጣም የሚመቹ ሰዎች ሕመማቸው በአማካይ 42 በመቶ፣ መካከለኞቹ 29 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለማይመቹት ሰዎች ግን ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከዚህ ጥናት ሁለት ቁም ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ የቀነሰው ሕመም እውነተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ቀነሰ እንጂ ጠፋ አልተባለም።

በቤልጅግ አገር በሊዬዥ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማሪ ኤልሳቤጥ ፌሞንቪል የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያስለመዱት አሠራር ምናልባት ከሁሉም የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የእንቅርትና የመሳሰሉት ቀዶ ሕክምናዎች ሲደረጉላቸው ሙሉ በሙሉ አልተኙም። የሚቀደደው ስፍራ ብቻ በመርፌ ደነዘዘ፣ ጥቂት የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ሂፕኖሲስም ተጨመረበት። ሂፕኖሲሱ የማደንዘዣው ረዳት ሆነ እንጂ ቦታውን አልወሰደም። ለጥርስም ቢሆን ትክክለኛው አጠቃቀም ይህ ነው። በሂፕኖሲስ ብቻ ጥርሳቸውን ያስነቀሉ ሰዎች አሉ፤ ግን ለብዙኃኑ የሚሆን መንገድ አይደለም።

ድግምት ነውን?

በሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ይህ ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። ብይን መስጠት የዑለማኦች እንጂ የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም። ለሚጠየቁት ዓሊምም ሆነ ለጠያቂው የሚጠቅመው ነገሩ ምን እንደሆነ በትክክል መግለጽ ነው። ከላይ በዘረዘርነው ሕክምና ውስጥ ጂን መጥራት የለም፣ ክታብ የለም፣ እጣን ማጨስ የለም፣ የማይታወቅ ቃል መደጋገም የለም። ያለው ንግግር፣ ትንፋሽና ሐሳብን መሰብሰብ ነው። በሂፕኖሲስ ስም የተደበቀ አውቃለሁ፣ የወደፊቱን እናገራለሁ ወይም ከሙታን አገናኛለሁ የሚል ካጋጠማችሁ እርሱ ሐኪም አይደለምና ራቁት። መድረክ ላይ ሰው እንደ ዶሮ እያስጮኸ የሚያስቀውም እንደዚሁ ከጥርስ ሕክምና ጋር ዝምድና የለውም።

ገደቡ የት ነው?

ሂፕኖሲስ የበሰበሰ ጥርስ አይሞላም፣ መግል አያደርቅም። ጥርስ የሚያም ሰው ሕመሙ ቢደበዝዝለትና ምንጩ ባይታከም ጠላቱን ሸፍኖ አስቀመጠ ማለት ነው። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ እንጂ ትንፋሽ መቁጠር መፍትሔ አይሆንም። ሂፕኖሲስ ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰውም ያለ አእምሮ ሐኪም ምክር አይሰጥም።

ባለሙያውንም መምረጥ ያስፈልጋል። ዋናው መመዘኛ ቀላል ነው፤ ያለ ሂፕኖሲስ ሊያክምህ የማይችል ሰው በሂፕኖሲስም አያክምህ። ጥርስህን የሚነካው አስቀድሞ የጥርስ ሐኪም መሆን አለበት። በዚህ ረገድ ሕግ ያወጡ አገሮች አሉ። ለምሳሌ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባት በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሕግ ሂፕኖሲስን ፈቃድ ላገኙ ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ብቻ ይተዋል። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን «ፈቃድህን አሳየኝ» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለበትም።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

በአቅራቢያችን ሂፕኖሲስ የተማረ የጥርስ ሐኪም ላይኖር ይችላል። ሂፕኖሲስ የቆመበት መሠረት፣ ማለትም ቃልና ትኩረት ግን በሁላችን እጅ አለ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት በተቃራኒው ነው። «ካስቸገርክ መርፌ አስወጋሃለሁ!» የምንለው ልጅ ምን ተማረ? ሐኪም የቅጣት መሣሪያ መሆኑን ነው። እኔ በማስተምርበት ክፍል ጉንጩ አብጦ፣ አንገቱን አዘንብሎ የሚቀመጥ ተማሪ አይጠፋም። ለምን ሐኪም ቤት እንዳልሄደ ስጠይቀው ገና ያላየውን መርፌ እንዳየው አድርጎ ይነግረኛል። መርፌውን ያሳየው ሐኪም አይደለም፤ የቤቱ ወሬ ነው።

እንግዲህ ወላጆች እነዚህን ብንይዝ መልካም ነው። ሐኪምንና መርፌን ማስፈራሪያ አናድርግ። የራሳችንን የጥርስ ነቀላ ታሪክ በልጅ ፊት እያጋነንን አንተርክ። «ምንም አያምህም» ብለንም አንዋሽ፤ ልጁ ከዚህ ዓረፍተ ነገር የሚይዘው «ያማል» የሚለውን ነው፣ ውሸታችንን ሲያውቅም ሁለተኛ አያምነንም። ይልቅስ «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ከዚያ ድድህ ይደነዝዛል፤ እኔም አጠገብህ ነኝ» እንበለው። የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞችም መንገዳቸው ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ይነግሩታል፣ ቀጥሎ ያሳዩታል፣ ከዚያ በኋላ ይሠሩለታል።

ትልልቆቹም ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ፍርሃታችንን ለሐኪሙ እንንገረው። እጅ ሳነሳ አቁምልኝ እንበለው። ማደንዘዣው እስኪይዝ ጠብቀን፣ ካልያዘም ሳንሸማቀቅ እንናገር፤ መግል የያዘ ድድ ማደንዘዣን በቀላሉ እንደማይቀበል ሐኪሙ ያውቃል። ጣቶቻችንን ፈታ፣ ትከሻችንን ዝቅ አድርገን፣ ትንፋሻችንን ከአሳሳባችን ይልቅ አወጣጡን እናርዝመው። ዚክር የለመደ አንደበት ያለው ሰው ደግሞ ልቡን የሚያሳርፍበትን ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ግን አናዘግይ። ትንሽ ቀዳዳ የያዘ ጥርስ በትንሽ ሥራ ይሞላል፤ ትንሽ ሥራ ደግሞ ትንሽ ያማል። ለጥርስ ሕመም ከማንኛውም ማደንዘዣና ከማንኛውም ሂፕኖሲስ የሚቀድመው መድኃኒት በጊዜ መሄድ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን።